የእትዬ ማንጠግቦሽ ኮረሪማ

የእትዬ ማንጠግቦሽን ሞት በስልክ የነገረችኝ ልጃቸው ጥሩወርቅ ናት። «አንጓች፣ እማዬ አረፈች» አለችኝ። ሰው እንዲህ ሲረዳ የሚለው ነገር አለ፤ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ «መቼ?» ይላል። እኔ ግን ያልኩት «ኮረሪማውን ማን ቅጠል ያለብሰዋል?» ነው። ጥሩወርቅ አልተቀየመችም። «አንቺም እንደ እሷ ሆንሽ» አለች። ከዚያ «ቀብሩ ነገ ነው፤ እንዳትቀሪ። ላንቺ የተወችው ቃል አለ» ብላ ዘጋችው።

ያን ቀን ምንም ሥራ አልሠራሁም። ለእኔ ምን ቃል ይተዋሉ? በእሳቸው ላይ ያደረስኩትን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር። ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር።

አሁን የምኖረው ቆሰበር ነው። በደርግ ጊዜ ግን ዳንግላ ነበርን። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። የምንኖርባት የቀበሌ ቤት ከእትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ ጋር በአንድ አጥር ትዋሰን ነበር። እኔ ሁለት ልጆች የያዝኩ፣ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ እግር ሴት ነበርኩ፤ እሳቸው እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ሲሄዱ መሬቱን የሚረግጡት ለመትከል የሚመርጡት ይመስል ቀስ ብለው ነበር። ከጥፍራቸው ሥር አፈር ጠፍቶ አያውቅም። እጃቸውን ሲሰጡኝ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸተኝ ነበር።

ኮረሪማውን ያመጡት ባላቸው ናቸው። የእኛ አገር ሰው ያን ጊዜ ለቡና ለቀማ ጅማ ይወርድ ነበር። እሳቸውም ወርደው ሲመለሱ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ሥር ይዘው መጡ። «ሰው ጅማ ወርዶ በቅሎ ስቦ ይመጣል፤ የእኔው ሣር ተሸክሞ መጣ» ይሉ ነበር እትዬ። ባልየው ቶሎ ሞቱ፤ ሣሩ ግን ቀረ። በጓሯቸው ካለው ትልቅ ዋንዛ ሥር ተንሰራፍቶ ጫካ ሆነ። ቅጠሉ የዝንጅብል ቅጠል ይመስላል፤ ቁመቱ ከሰው ደረት ይደርሳል። ፍሬው ግን ላይ አይደለም። ከግንዱ ሥር፣ ከመሬት ጋር ተያይዞ፣ ከወደቀው ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ነው የሚቀላው። እሱን የሚፈልግ ሰው መንበርከክ አለበት።

እኔን የሚገርመኝ የጥላው ነገር ነበር። እህል ሁሉ ፀሐይ ይለምናል፤ ይህ ፀሐይ ካየ ጠርዙ ይቃጠላል። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፌ «እትዬ፣ ይሄ ተክልዎ እንደ እኔ ፈሪ ነው» አልኳቸው።

«እሱ ፈሪ አይደለም» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እንግዳ ነው። እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። ጥላ የወደደ ሁሉ ፈሪ ነው ያለሽ ማን ነው? ፈሪስ አንቺ ነሽ።»

እውነታቸውን ነው። ልጆቼ በር ላይ ሲጫወቱ በየደቂቃው ወጥቼ አያቸው ነበር። ሳል ከሰማሁ ሌሊቱን አልተኛም። እሳቸው የደረቀውን ኮረሪማ ለገበያ በክር ሲሰኩ እያዩኝ «አንጓች» ይሉኛል፣ «ልጆችሽን ለምን እንዲህ በክር ሰክተሽ አንገትሽ ላይ አታንጠለጥያቸውም? አንቺም ታርፊያለሽ፣ እነሱም ይደርቁልሻል።»

ከእኛ ጋር አማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ከኮረሪማው ጋር ግን በአገውኛ። ጎንበስ ብለው ቅጠል ሲያለብሱት የማያቋርጥ ወሬ ነበራቸው። ምን እያሉት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ከጅማ ሲመጣ ኦሮምኛ ብቻ ነበር የሚያውቀው። አማርኛ ለማስተማር ጊዜ የለኝም፤ በእናቴ ቋንቋ እንግባባለን» አሉኝ።

ልጆቻቸው ሁለት ነበሩ። ጥሩወርቅ ትንሽ ናት። ትልቁ ይበልጣል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ረጅም፣ ሲያልፍ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም የሚል ልጅ። የዋንዛ ቅጠል ሲረግፍ በጆንያ እየሰበሰበ ለእናቱ ያመጣላቸው ነበር።

በቀይ ሽብር ጊዜ ከትምህርት ቤት ወሰዱት። እትዬ ሦስት ሳምንት ወደ እስር ቤቱ ስንቅ አመላለሱ። አንድ ጠዋት ግን ሳህኑን አልተቀበሏቸውም። «ከእንግዲህ አያስፈልገውም» አሏቸው። ሬሳውን አልሰጧቸውም። የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

በዚያው ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። አልጮኸም፤ እንደ ጎረቤት ነው የተናገረው።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ልቅሶ የለም። ድንኳን የለም፣ ከል የለም፣ ነጠላ ማዘቅዘቅም የለም። ለፀረ አብዮተኛ ያለቀሰ ከእሱ አይለይም። ይህችን ሴት ልጅዎን ያሳድጉ።»

«እሺ» አሉ እትዬ። ሊቀመንበሩ ሲሄድ መጥረጊያ አንስተው ግቢውን ጠረጉ። አንዱ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ይዞ በራቸው ላይ ቀረ።

እኛ አገር ሰው ሲሞት ቤቱ ይሞላል። ጠላት እንኳን ይመጣል። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይነሳበታል። ያ ቤት ግን ሦስት ቀን ጭር ብሎ ከረመ። መንገደኛው ሁሉ ሲያልፍ እግሩን ያፋጥን ነበር። እኔም ውኃ ለመቅዳት በሌላ በኩል ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

በአራተኛው ቀን የንጉሥ መጣች። የንጉሥ ከመንገዱ ማዶ ጠላ የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ እጄ ገመዱ ላይ ቀረ።

«ወዴት ነሽ?» አላት ጠባቂው።

«ኮረሪማ ልወስድ ነው።»

«ፍሬው አልደረሰማ።»

«ፍሬ ማን አለህ? የሚተከለውን ነው። ለቅቤዬ የራሴን ላበቅል ነው። ምነው፣ ቅቤ ማንጠርም ተከለከለ እንዴ?»

ሳቀና አሳለፋት። ወደ ጓሮ ገብታ ከእትዬ ጋር ከኮረሪማው ውስጥ ቁጢጥ አለች። ግንዱ ቁመታም ስለሆነ ቁጢጥ ያለ ሰው ከበሩ አይታይም። እኔ ብቻ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። እትዬ በመኮትኮቻው አፈሩን ይመታሉ። የንጉሥ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ መኮትኮቻውን እሷ ተቀብላ ስትመታ እትዬ በተራቸው ነጠላቸውን ነከሱ። የሚሰማው የመኮትኮቻው ድምፅ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይተው አንድ ግንድ ከነሥሩ ነቀሉላት። ይዛ ወጣች። ጠባቂው አየው፤ አፈሩም ይንጠባጠብ ነበር።

በማግስቱ ሌላ ሴት መጣች። ከዚያ ሌላ። ማንም ለማንም አልነገረም፤ ሁሉም ግን አወቀ። «ኮረሪማ ልወስድ ነው» ይላሉ፤ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ አልቅሰው ይወጣሉ። ባዶ እጁን የሚወጣ የለም፤ ጠባቂው እጅ ያያል። እትዬም ለሚወጣው ሁሉ ጮክ ብለው «ጥላ ላይ ትከይው! ሥሩን አትቅበሪው፣ አፈር ከላይ ከላይ ብቻ!» ይሉ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ የሰፈሩ ሴት ሁሉ በቤቷ ጥግ አንድ ኮረሪማ ነበራት።

እኔ ብቻ ቀረሁ። በአጥር የምዋሰነው እኔ፣ የመጨረሻዋ ሆንኩ። ባሌን ሳማክረው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ልጆች አሉሽ» አለኝና መስፋቱን ቀጠለ። ትክክል ነበር። ግን ከአጥሩ ማዶ ያ መኮትኮቻ በጮኸ ቁጥር ሥራዬን ትቼ ወደ አጥሩ እሄድ ነበር። አንድ ከሰዓት ሕፃኑን አዝዬ ሄድኩ።

እትዬ ሲያዩኝ «መጣሽ» አሉ፤ ሌላ ወቀሳ አላወጡም። ቁጢጥ አልን። መሬቱ ቅዝቅዝ ያለ ነው፤ ቅጠሉ ከላያችን ገጥሟል። መኮትኮቻውን ሰጡኝና እኔ ስቆፍር የልጃቸውን ስም በቀስታ ደጋግመው ጠሩ፤ ከዚያ በአገውኛ ለረጅም ጊዜ አወሩ። ለተክሉ የሚያወሩት ድምፅ ነበር፤ አሁን ግን ለእሱ ነው። እኔም ነጠላዬን ነክሼ አለቀስኩ። ስወጣ ሕፃኑን በጀርባዬ አስተካከሉልኝና «አንቺ ልጆችሽን በክር ስኪ» አሉኝ። «ሳቄን መልሼ ውጬዋለሁ። ስኪያቸው።»

ኮረሪማዬን ከቤቴ ጀርባ፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር ተከልኩት።

ክረምቱ ሲቃረብ በእሁድ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ንግግሩን ሲጨርስ ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ጨመረ። «ጓዶች፣ የሰፈራችን ሴቶች በአንድ ወር የኮረሪማ ገበሬ ሆነዋል አሉ። ዘሩን ያከፋፈለው ማን እንደሆነ ብናውቅ እንሸልመው ነበር።» ሰው ሳቀ። የንጉሥም ከሁሉ በላይ ሳቀች። እኔ ግን እየተቻኮልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እቤቴ እንደደረስኩ በቀጥታ ወደ ጀርባ ሄጄ ነቀልኩት። አዲስ ቅጠል አውጥቶ ነበር። ከነሥሩ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ወረወርኩት። ልጆቼን ያዳንኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች ቤት ለቤት ዞሩ። የንጉሥን ጠየቋት፤ «ለቅቤዬ ነው» አለች። ቀጣይዋም «ለቅቤዬ» አለች። ሁሉም ቤት አለ፤ ሁሉም አንድ ቃል ነው። ኮረሪማ መትከል ወንጀል አይደለም፤ ምን ይላሉ? እኔ ቤት ሲደርሱ ግን ኮረሪማ የለም። ያለው አዲስ የተማሰ አፈር ነው። የነቀልኩበትን ጉድጓድ እንኳን አልደፈንኩትም ነበር።

«ምን ነቀልሽ?» አለኝ አንዱ ጠባቂ።

«ምንም።»

«ነይ።»

ሕፃኑን እንዳዘልኩ ቀበሌ ወሰዱኝ። ሊቀመንበሩ ወንበር ሰጠኝ። «የሁሉም ሰው አለ፤ ያንቺ ለምን ተነቀለ?» አለኝ። ሕፃኑን ከጀርባዬ አውርጄ አቀፍኩ። «ትልቋ ልጅሽ የት ናት አሁን?» አለኝ። ያቺን ጥያቄ በቁጣ ቢጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት እችለው ነበር። እንደ ዘመድ ነው የጠየቀኝ። ያን ጊዜ አንዲት ነገር ተናገርኩ፦

«ልቅሶ ልደርስ ሄጄ ነው የሰጡኝ።»

ያወጣኋት ቃል ያቺ ብቻ ናት። የሌላ ሰው ስም አልጠራሁም፤ መጥራትም አላስፈለገም። «በቃ፣ ሂጂ» አለኝ። እቤቴ ሳልደርስ እትዬ ማንጠግቦሽን ሲወስዷቸው ከሩቅ አየሁ። በእጃቸው መኮትኮቻው ነበር፤ በር ላይ ጠባቂዎቹ ነጠቋቸው።

ክረምቱን ሙሉ ታሰሩ። ጥሩወርቅ በዝናብ ስንቅ ስታመላልስ በደጄ ታልፍ ነበር፤ «ነይ፣ እሳት ሙቂ» ማለት አልቻልኩም። ዋንዛውን ቀበሌው አስቆረጠው፤ «የሴራ ጥላ ነው» ተብሎ። ጣውላው ለስብሰባ አዳራሹ አግዳሚ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየእሁዱ እዚያ ላይ ነው የተቀመጥነው። ኮረሪማው መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣበት ጠርዙ ነደደ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ገለባ ወደቀ። በአጥሩ ቀዳዳ ቀን በቀን አየሁት።

እትዬ የተፈቱት በመስከረም መጨረሻ ነው። ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ገቡ። እኔ ቤቴን ዘግቼ በስንጥቅ አየኋቸው። ጉቶው ላይ ተቀመጡና የደረቀውን ቅጠል በእጃቸው አገላበጡ። አላለቀሱም። በማግስቱ የንጉሥ በጠራራ ፀሐይ መጣች፤ በእጇ አንድ ኮረሪማ ከነሥሩ ይዛለች። ከእሳቸው የወሰደችው የወለደው ነው። ሌሎቹም ሴቶች ተከታትለው መጡ፤ እያንዳንዷ አንድ አንድ ግንድ። እትዬ ቶሎ የሚያድግ ጉሎ ዘሩለት፤ ጉሎው እስኪደርስ የበቆሎ አገዳ ከላዩ አለበሱለት። ጓሮው እንደገና ጀመረ።

ከእኔ የሚመለስ አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው እሳቸው ናቸው። በጨርቅ የተጠቀለለ ሥር ይዘዋል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የተናገርኩት…»

«ያንቺ የደረቀው» አሉኝ ቃሌን ቆርጠው፣ «ፀሐይ ላይ ተክለሽው ነው።»

«አልደረቀም እትዬ፤ እኔ…»

«ፀሐይ ላይ ነው የተከልሽው። ያኔ በደንብ አላሳየሁሽም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ተነሺ። መቆፈሪያ አለሽ?»

ከቤቴ ጀርባ ያንኑ ጉድጓድ ራሳቸው አገኙት። አስቆፈሩኝ። ሥሩን አስቀመጥኩ። «አፈር ከላይ ከላይ» አሉኝ። «አትቅበሪው። ሥሩ መተንፈስ ይወዳል።»

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ ኖርኩ። ሦስተኛ ልጄን ስወልድ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። የማናወራው ነገር አልነበረም፤ ያችን ነገር ግን ልናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ወሬው ኮረሪማ ይሆናል። «ቅጠል አለበስሽው?» ይሉኛል። «ዘንድሮ ስንት ፍሬ ሰጠ?» ይሉኛል። ማን እንደተናገረባቸው እስር ቤት እንደነገሯቸው አውቃለሁ፤ የእኔን ቃል ሳያነቡላቸው አልቀሩም። ይህን ያወቅሁት ከጥሩወርቅ ሳይሆን ከዓይናቸው ነው። ንስሐዬን ለምን እንደከለከሉኝ ግን አላውቅም። አንዳንድ ቀን ምሕረት ነው እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከዚያ የከፋ ቅጣት ሊያገኙልኝ አይችሉም ነበር እላለሁ።

ባሌ ሥራ ሲቀይር ወደ ቆሰበር ስንሄድ አንድ ግንድ ሰጡኝ። ቆሰበር ለኮረሪማ ይበርዳል። ከግድግዳው ተጠግቶ እስከ ዛሬ አለ፤ ቅጠል እንጂ ፍሬ ሰጥቶ አያውቅም።

የቀብሩ ዕለት በመጀመሪያው ሚኒባስ ዳንግላ ገባሁ። ድንኳኑ የተተከለው በጓሮው፣ ከኮረሪማው አጠገብ ነው። በጉቶው ጎን የበቀለ ሌላ ዋንዛ አድጎ ጥላ ሠርቷል። ሴቶቹ ሞልተዋል፤ ያን ጊዜ ከመጡት የቀሩት ጥቂት ናቸው። የንጉሥ አርጅታ በምርኩዝ ተቀምጣለች። ሙሾ አውራጇ ልትጀምር ስትል ጥሩወርቅ እጇን አነሳች።

«እማዬ ቃል ትታለች» አለች። «‹ከእኔ በፊት ለይበልጣል ይለቀስ። ለእሱ ልቅሶ አልወጣለትም። የምትጀምረው አንጓች ትሁን› ብላለች።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ብዙዎቹ አያውቁኝም። ሙሾ አላውቅም፤ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ቆምኩ። የድንኳኑን ምሰሶ ያዝኩ። ግጥም ፈለግሁ፤ የመጣልኝ ግን ያቺ የቀበሌው ቃል ብቻ ናት። ያን ቀን በሹክሹክታ ነበር ያልኳት። አሁን የቻልኩትን ያህል ጮክ አድርጌ አልኳት።

«ልቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት!»

«ይህችን ቃል ቀበሌ ሄጄ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እትዬ የታሰሩት፣ ዋንዛው የተቆረጠው በእኔ ቃል ነው።»

የንጉሥ በምርኩዟ መሬቱን መታ መታ አደረገች።

«እናውቃለን» አለች። «ያኔውኑ እናውቅ ነበር። ከቤትሽ ጀርባ የተነቀለበትን ጉድጓድ ሁላችንም አይተነዋል። እሷ ናት ‹አንዳችሁም እንዳትነግሯት› ያለችን።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ነጠላዬን ነክሼ ነበር። «አሁን ልጁን ጥሪው። እናቱ ስትጠብቅ ነው የከረመችው።»

ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩና ጠራሁት።